ከመንገድ የታየው ቤት

በእኛ አገር ቤት ከመንገድ ሲታይ ጥሩ ምልክት አይደለም። ለማያውቅ ላስረዳ። ከሆሳዕና ወጥታችሁ በሌሞ በኩል በጋሪ ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩት እንሰት ነው፤ ቤቶቹ ከኋላው ናቸው። ከቅጠሉ በላይ የሚታየው ጭሱ ብቻ ነው። እንሰቱ ወፍሮ ቤቱን ከሸፈነው ያ ቤት ጠግቧል ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር አጥብቃ አስተምራኛለች፤ የሰው ጓሮ እንሰት አይቆጠርም፣ ስንት ቀረሽ ተብሎም አይጠየቅም። ነውር ነው። የሴት ጓሮዋ ገመናዋ ነው ትለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ስትራብ ያላየሁት ይህን ነውር ጠብቄ ነው። ቢያንስ ለራሴ እንዲህ እለዋለሁ።

ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ትበልጣለች። «አማ» ነበር የምላት፣ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። እሷ «ልጄ» ትለኛለች፤ ሲላት ደግሞ «አንቺ ወሬኛ»። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። የሰው እንሰት እየፋቀች ነው ያሳደገችው። መፋቂያው ጣውላ ፊት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ ግንዱን በተረከዟ ደግፋ በቀርከሃ ስትፍቅ፣ እኛ አንዱን ሳንጨርስ እሷ ሁለተኛውን ትጀምር ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት በየክረምቱ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ለተቸገሩ ቤቶች ቆጮና ገብስ ይሰበስባል። የስሞቹ ደብተር እኔ ጋ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ሆኜ፣ ወጥ እያማሰልኩ ነው። ግን የእጅ ጽሑፌ ያምራልና ጸሐፊ አደረጉኝ። ያ ደብተር ኩራቴ ነበር፤ ፕላስቲክ አልብሼዋለሁ። የእሷ ስም ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

ከዚያ ልጇ ላሟን አሸጣትና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ «ደቡብ አፍሪካ ገባ» ተባለ። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ጋ እንደ ሠርግ ነው። በዚያ ሳምንት ኅብረታችን ሲሰበሰብ መጀመሪያ የተነሳው የእሷ ነገር ነበር። ራሷ አልመጣችም፤ የሰው እንሰት ልትፍቅ ሄዳለች።

«ስሟን አንሺው» አለችኝ ሰብሳቢያችን። «ለሌላ ችግረኛ ቦታ ትልቀቅ።»

«እውነት ነው፣ ከእንግዲህማ እሷ ናት ለእኛ የምትሰጠን!»

«ፎቁን ስትሠራ እኔ ምድር ቤቱን ተከራይቼ ሱቅ እከፍታለሁ» አለች አንዷ ቀልደኛ።

«አንቺን? አንቺን ዘበኛ አድርጋ በር ላይ ነው የምታቆምሽ!»

ሳቃችን ሳያልቅ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ስሟ ላይ መስመር ሳብኩበት። ቀጥ እንዲል ማስመሪያ ተጠቅሜያለሁ። ለመሆኑ ደውሎላታል ወይ ብላ የጠየቀች አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ባገኘኋት ቁጥር «አማ፣ ልጁ ደህና ነው?» እላታለሁ።

«ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ።»

ሁልጊዜ ይኸው ነበር መልሷ። አንድ የገበያ ቀን አብረን በጋሪ ስንሄድ ከደረቷ ስልኳን አወጣች፤ በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽዬ ባለ ቁልፍ ስልክ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቶ እንዳይሆን። እስቲ አንቺ ደውይበት።»

ከእኔ ስልክ ደወልኩ። ስልኳ ጮኸ። ፊቷ በራ። የምደውለው እኔ መሆኔን፣ ከጎኗ መቀመጤን እያወቀች ፊቷ በራ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ።

«ይሠራል» አለች።

«ይሠራል፣ አማ።»

«እንግዲያው ኔትወርኩ ነው» ብላ መልሳ ጠቀለለችው።

ባለጋሪው ዞር ብሎ፣ «ማዘር፣ ከደቡብ አፍሪካ እስካሁን ስማርት ስልክ አልተላከም?» ብሎ ቀለደባት።

«ራሱ ይዞልኝ ይመጣል። ለአንተም መኪና ያመጣልሃል፣ ይሄ ፈረስም ያርፋል» አለችው። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

የእሷ ቤት ጀርባው ለመንገዱ ነው። በእንሰቱ የተነሳ ከመንገድ አይቼው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የሣር ክዳኑ ጫፍ ታየ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግድግዳው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማጭድ ሳይቀር ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ ይታየኝ ጀመር።

«እቺ እናት መሬቷን እያጸዳች ነው» አለ የባጃጁ ሹፌር። «በቅርቡ ብሎኬት ይራገፋል።»

አመንኩት። ልጇ ውጭ የገባላት ሴት መጀመሪያ የምታደርገው ለአዲሱ ቤት ቦታ ማስለቀቅ ነው፤ ስንቱን አይተናል። መክሳቷንም አይተን ነበር፣ ግን ስለ ልጇ እየጾመች ትጸልያለች ተባባልን። እንዲያውም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ቀንቼባታለሁ።

ክረምቱ ገባ። ኅብረቱ ቆጮ መሰብሰብ ሲጀምር «አንቺ ትቀርቢያታለሽ፣ ሂጂና ለድሆቹ አዋጪ በያት» ብለው እኔን ላኩኝ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዤ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆሜ «አማ፣ የልጅሽን በረከት ለተቸገሩት አካፍይን» አልኳት። ይህን ቃል ዛሬም ጆሮዬ ይሰማዋል።

መጀመሪያ የያዝኩትን ማዳበሪያ አየችው። ከዚያ «ባዶ እጅሽን አልመልስሽም፣ ግቢና ተቀመጪ» ብላ ማዳበሪያውን ተቀበለችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ቆየች። ዝናቡ ያካፋል። የሆነ ነገር ሲፋቅ ይሰማኛል። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣ ስትል ነውሩን ረስቼ ተከተልኳት።

ብሎኬት የለም። አሸዋ የለም። እንሰቱ የተነቀለበት ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል፣ የቀሩት ከጉልበቴ የማይበልጡ ጨቅላዎች ናቸው። እንሰት ቆጮ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። የራበው ሰው ግን ያልደረሰውን ይነቅልና ሥሩን፣ አሚቾውን፣ እንደ ድንች ቀቅሎ ይበላል። ከርሞ የሚበላውን ዛሬ ይበላል ማለት ነው። እሷ ከርሞንም የከርሞ ከርሞንም ጨርሳዋለች።

ቆጮ በሚቀበርበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ ከታች ከቅጠሉ ጋር የተጣበቀውን በጥፍሯ እየጠረገች እኔ ያመጣሁት ማዳበሪያ ውስጥ ትከት ነበር።

«አማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ትንሽ ናት፤ እንዳትንቂብኝ» አለች ቀና ሳትል።

ጭቃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ስምሽን ዛሬውኑ ደብተሩ ላይ እመልሰዋለሁ» አልኳት።

ያን ጊዜ ቀና አለች። ክንዴን ያዘችኝ።

«እንዳትጽፊኝ።»

«ለምን?»

«ስሜ ከተመለሰ ሰው ሁሉ ልጇ የለም ይላል። መንገድ ላይ ቀረ ይላል። እኔ አላልኩም፣ ልጄ። እኔ ገና አላልኩም።»

ልጁ ከሄደ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወለው፣ ከሞያሌ። ነገ እንሻገራለን ብሎ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ ገባ የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ልሆን እችላለሁ።

ማዳበሪያውን ይዤው ወጣሁ። ትቼላት ብሄድ ይብስባት ነበር።

ለሴቶቹ ስነግራቸው ሰብሳቢያችን መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ታዲያ አትናገርም? አፍ የላትም?»

«እኛስ ዓይን የለንም?» አልኳት። በየቀኑ በዚያ መንገድ የማታልፍ ከመካከላችን ማን ነበረች?

«ዝም ብለሽ ጻፊያትና ትብላ» አለች ሌላዋ። «ልጁ ከሞተም ሞተ።»

«ነግሬሻለሁ፣ አልጽፋትም።»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተናገረችው ያቺ ሱቅ እከፍታለሁ ያለችው ቀልደኛ ናት። «ጓሯችን ጠቦብን እንሰት የምንተክልበት አጣን በሏት። ቦታ አውሽን እንበላት። የእኔስ ውሸት አይደለም፣ እውነትም ሞልቶብኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዳችን ከየጓሯችን ሁለት ሦስት እንሰት ነቅለን፣ ወገብ የሚደርሰውን በትከሻችን ተሸክመን ሄድን። አማ በሯ ላይ ቆማ አየችን። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ይሄ እኮ ለቤት ያጸዳሁት ቦታ ነው» አለች።

«ቤቱ ሲጀመር እንነቅለዋለን» አለቻት ቀልደኛዋ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

አማ ዶማ አመጣች።

ተከልን። ለምሳ ብለን ያመጣነውን ቆጮና ጎመን ቀመስ አድርገን፣ የቀረውን መልሰን መሸከም ደክሞናል ብለን ትተንላት ወጣን። ከዚያ ወዲህ አንዷ እየተነሳች «እንሰቴን ልይ» ብላ ትሄዳለች፤ ስትሄድ ጠቅለል ያለ ነገር ይዛ ነው። እሷ ማወቃችንን ታውቃለች፤ እኛም ማወቋን እናውቃለን። ስለ ልጇ ስንጠይቃት ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» ማለቷን አልተወችም፤ እኛም «አይዞሽ፣ የሰው አገር ሥራ እንዲህ ነው» እንላታለን።

ዘግይተን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሰውነቷ አስቀድሞ አልቋል፣ በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም የለውም አሉን። እኛ የተከልነው እንሰት ገና አልደረሰም ነበር።

ለቅሶዋ ላይ ሰው ከሀቢቾ ድረስ መጣ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሌላ ተጨመረ። ቆጮው፣ ቅቤው፣ ንፍሮው ከየቤቱ ጎረፈ፤ ተበልቶ አላልቅ ብሎ ተረፈ። ከጓዳ ሆኜ ቆጮ ስቆራርጥ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፣ እዚሁ ነበረ። እሷ ጉድጓድ ስትጠርግ ባየኋት ዕለትም እዚሁ፣ በየጓሯችን ነበረ።

ስልኳ አሁን እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጅ አደርጋታለሁ።

ቤቷ ዛሬ ከመንገድ አይታይም። የተከልነው ወፍሮ ሸፍኖታል። በቀደም አንዲት እንግዳ ሴት አብራኝ በባጃጅ ስትሄድ አየችውና «እዚህ ቤት ያሉት የጠገቡ ናቸው» አለችኝ። ውስጡ ማንም የለም።

ያን ቀን ግን ትንሽ እንዳለፍን፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አምና ያላየሁት የሣር ክዳን በእንሰቱ መሃል ብቅ ብሎ አየሁ። «ቤት ሊሠሩ ይሆናል» አልኩ በልቤ። ያልኩት ነገር ራሴኑ አስደነገጠኝ፤ ባጃጁ ግን አልፎ ነበር።

ያን ክዳን ካየሁ ይህን ስጽፍ አራተኛ ቀኔ ነው። የማላውቀው ሰው ጓሮ ምን ብዬ እገባለሁ እያልኩ እስካሁን አልሄድኩም። በማግስቱ የነቀልኳቸው ሁለት እንሰቶች የቤቴ በር ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ቅጠላቸው መጠውለግ ጀምሯል።