ከመካኒሳ ወደ ባሕር የወረደው ሣጥን

መካኒሳ ካለው የቪዲዮ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ስድስት ወር ቤት ተቀምጬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ካሴት የበላ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ካቻቢቴ አቀበሉኝ።

«ውስጡ ያለው የሰው ሠርግ ነው። ከተበጠሰ ሙሽሮቹን ድጋሚ አንድራቸውም» አሉኝ።

ካሴቱን ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቴፑ አንድ ቦታ ላይ ተጨማደደ እንጂ አልተበጠሰም። ጋሽ ተፈራ አጫወቱት፤ ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ ምስሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተስተካከለ። «ነገም ነይ» አሉኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ይኸው ነበር።

ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ቴፑን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል መጥረግ፣ የላላ ቀበቶ መቀየር፣ የወደቀ ካሜራ ፈታትቶ መግጠም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ጋሽ ተፈራ ለደንበኛ «ቴክኒሻኗን አነጋግሯት» ማለት ጀመሩ። ስለ ዕቃ አመራረጥ የሚጠይቅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። የሚጠይቁኝ ግን ስለ ሠርግና ስለ ልደት ካሜራ ነበር። ስለ ባሕር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም።

ሰማንያዎቹ ወደ ማብቂያቸው ሲቃረቡ ዶክተር መስፍን መጡ። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ክሊኒክ ያላቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ውጭ አገር ሲማሩ የአየር ጋን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምረዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማንንም አስተምረዋቸዋል። በዓመት አንዴ ዕረፍት ሲወጡ ጅቡቲ ይወርዳሉ።

«ታች ያለውን ለልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል» አሉኝ። «ቀርጬ ማምጣት እፈልጋለሁ። ግን በዓመት አንዴ ለምጠልቀው ቤቴን አልሸጥበትም። የሚያዋጣውን ምረጪልኝ።»

ካሜራ አላቸው፤ በአንድ እጅ የምትያዝ ባለ ትንሽ ካሴት። የሚያስፈልጋቸው ካሜራዋ የምትገባበት፣ ውሃ የማያስገባ ነገር ነው። ከውጭ ያመጡትን የዕቃ መጽሔት ይዤ አንድ ሳምንት ሙሉ አነበብኩ። ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ለካሜራዋ ልክ ሆኖ የሚሠራ የብረት ሣጥን ነው፤ ዋጋው የካሜራዋን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ፊቱ ላይ መስታወት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ከአሥር ሜትር በታች አይወርድም። ሦስተኛው ያገለገለ የጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ነበር።

ያ ሣጥን ደግሞ የእኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ለጋሽ ተፈራ ሸጦላቸው ሁለት ዓመት አቧራ ጠጥቷል።

«ከረጢት ውስጥ ካሜራ ከትቶ ባሕር መግባት ቀልድ ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ሣጥኑ እያለ!»

ዶክተርም አሥር ሜትር የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ አሥራ ስምንት እወርዳለሁ» አሉ። በዚህ ሣጥኑ ተመረጠ። ብዙ ጊዜ የሚቆዩት ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሣጥኑን ፈታሁት። ክዳኑ ዙሪያ የሚቀመጠውን ኦሪንግ፣ ማለትም ውሃ የሚዘጋውን ቀጭን የላስቲክ ቀለበት፣ አውጥቼ አጠብኩ። የሚቀመጥበትን ቦይ በጥጥ ጠርጌ በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ጭረት የለውም። ኦሪንጉን ስስ ግሪስ ቀባሁት። ውስጡ ካሜራ ሳይሆን ደረቅ ሶፍት አድርጌ ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል ውስጥ ሙሉ ቀን አቆየሁት። ማታ ስከፍተው ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ደስ አለኝ። በርሜሉ ውስጥ እንዲቆይ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ልጭንበት መገደዴን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ቅዳሜ አንድ ሆቴል ዋና ገንዳ ሄድን። ዶክተር የጠላቂ ዕቃቸውን ለብሰው ገቡ፣ ወይዘሮ ሮማን ተከተሏቸው። እኔ ዋና ስለማልችል ዳር ቆምኩ። ዶክተር ሣጥኑን ሦስት ሜትር ይዘው ወርደው ለቀቁት። እንደ ኳስ ፈንጥሮ ወጣና ውሃውን ፊቴ ላይ ረጨው።

ሣጥኑ የተሠራው ለድሮዎቹ ግዙፍ ካሜራዎች ነው። ትንሿ ካሜራ ስትገባበት የቀረው ቦታ ሁሉ አየር ነው።

«ይህን ይዤ አልጠልቅም፤ ይጎትተኛል» አሉ ዶክተር ጭምብላቸውን አውልቀው። «ታች ስትሆኚ የምትተነፍሺው አየር የታመቀ ነው። ወደ ላይ ስትወጪ ይለጠጣል። ስለዚህ ቀስ እያልሽ፣ እየተነፈስሽ ነው የምትወጪው። በድንገት ተጎትቶ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።»

«እርሳስ እናስርበታለን» አልኩ።

ከመካኒሳ ጎሚስታ ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ሰብስቤ በጣሳ አቅልጬ አራት ጠፍጣፋ ቁራጭ አደረግሁት። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ሰፊ ቀበቶ ቆርጬ እርሳሱን ከሣጥኑ ሆድ ጋር አሰርኩት። የቀበቶውን ጫፍና ጫፍ ያያያዝኩት በማስቲሽ ነው። ረቡዕ ተመልሰን ገንዳው ሄድን። ሣጥኑ አልወጣም፣ አልወረደም፤ ዶክተር የተዉት ቦታ ቆመ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ይበልጥ ያነሳል ብለው ትንሽ እርሳስ አስጨመሩኝ። ክዳኑንም አዲስ አበባ ዘግተው እንደማይሄዱ ነገሩኝ። «ቆላ ስትወርጂ የዘጋሽው ባዶ የውሃ ጄሪካን ሲጨማደድ አላየሽም? ይህም እንደዚያ ታፍኖ አልከፈት ይላል» አሉኝ። ይህን መጽሔቱ አልጻፈውም ነበር።

ወይዘሮ ሮማን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እርሳሱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ገነት፣ ይሄ ቢወልቅስ?»

«አይወልቅም። ማስቲሽ ነው፤ ጫማ ይዞ የሚኖር» አልኳቸው።

እንዲያውም ሣጥኑ እንዳይጠፋባቸው ብዬ መያዣው ላይ ገመድ አበጀሁና ከዶክተር እጅ አንጓ ጋር እንዲታሰር አደረግሁ። ቋጠሮውን ራሴ አሳየኋቸው።

ቅዳሜ በአውሮፕላን ሄዱ። ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚጠልቁ ነግረውኛል።

ሰኞ ጠዋት ጓሮውን ላጸዳ በርሜሉን ልደፋ ሄድኩ። ለመሞከሪያ የሠራሁትን ሌላ ቀበቶ፣ በዚያው ላስቲክና በዚያው ማስቲሽ የተያያዘውን፣ ከትርፍ እርሳስ ጋር ውስጡ ረስቼው ነበር። እርሳሱ በርሜሉ ሥር ተኝቷል። ቀበቶው ተከፍቶ ላይ ይንሳፈፋል።

ጫፉን ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው የቀረው ማስቲሽ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ። የዶክተሩ ቀበቶ ገንዳ ውስጥ የቆየው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ይህኛው ግን በርሜሉ ውስጥ አምስት ቀን ቆይቷል። የዶክተሩ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ርሶ፣ እንደረጠበ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ሄዷል። እርሳሱ ከወለቀ ሣጥኑ ይፈነጥራል። ሣጥኑ ከሰውየው እጅ ጋር ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ቀበቶውን ይዤ ወደ ጋሽ ተፈራ ሮጥኩ። ጋሽ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገሩን ሲረዱ ግን በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ደውለሽ ምን ልትይ ነው? የሸጥንልዎ ዕቃ ሊገድልዎ ነው ልትይ? ቤቱ ነገ ይዘጋል።»

«ጋሽ ተፈራ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ላይወልቅ ይችላል እኮ።»

«ይሄ ወልቋል» አልኩና እርጥቡን ቀበቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። ጋውኔን አውልቄ ወጣሁ።

ያረፉበትን ሆቴል ስም አላውቅም። ታክሲ ስላጣሁ እስከ ብስራተ ገብርኤል ግማሹን በሩጫ ሄድኩ። የክሊኒኩ ጸሐፊ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ላቤ ይንጠባጠባል። «የዶክተርን የግል አድራሻ ለማንም አንሰጥም» አለችኝ። ቀበቶው ምን እንደሆነ፣ እርሳሱ ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልገባትም። በመጨረሻ «ነገ ጠዋት አንድ ነገር ቢደርስባቸው፣ ገነት የምትባል ሴት ዛሬ መጥታ እንደነበር ትናገሪያለሽ» አልኳት። ቁጥሩን ጻፈችልኝ።

መሃል ከተማ ያለው ቴሌ ስደርስ ሰልፍ ነበር። ቁጥሩን አስመዝግቤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዴ አስመራ ይባላል፣ አንዴ ጂዳ ይባላል። የኔ አይጠራም። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ የቴሌዋ ሠራተኛ «ጅቡቲ፣ ሦስት ቁጥር!» አለች።

ያነሳው ሰው በፈረንሳይኛ መለሰ። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። «ዶክተር መስፍን፣ ዶክተር መስፍን» እያልኩ ደጋገምኩ። ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። የዘጋው መስሎኝ ነበር። ከዚያ በአማርኛ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» የሚል ድምፅ መጣ። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፣ የድሬዳዋ ልጅ።

«ወንድሜ፣ ዶክተር መስፍን የሚባሉ ሐበሻ እንግዳ አሉ?»

«አሉ። አሁን ወጥተዋል።»

«መልእክት ንገርልኝ። ሣጥኑን ከእጅዎ ይፍቱት፣ እርሳሱ ይወልቃል፣ እንዲያውም አይጠቀሙበት በልልኝ።»

«ምን? አይሰማም እህቴ!»

«ከእጅዎ ይፍቱት በል!»

«ከእጅዎ ይፍቱት። እሺ። ሌላስ?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አስመዘገብኩ። እስኪዘጉ ድረስ ተቀመጥኩ። አልተገኘም።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። አንድ ዴክ ገጥሜ ሦስት ብሎን ጠረጴዛ ላይ ተረፈኝ። ጋሽ ተፈራም በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

የሚቀጥለው ሰኞ ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ሮማን ብቻቸውን ገቡ። የያዝኩትን ካቻቢቴ አስቀምጬ በሩን አየሁ። ከኋላቸው ዶክተር መኪናቸውን ቆልፈው መጡ። ደህና ናቸው። አጠገቤ ያለውን ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

«የደወልሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ወይዘሮ ሮማን።

«አዎ።»

«ልጁ ‹ከእጅዎ ይፍቱት ተብለዋል› ብሎ ብቻ ነው የነገረን። ምኑን፣ ለምን፣ አያውቅም። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔ ግን ጀልባው ላይ ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት።»

ዶክተር ካሜራቸውን ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኙና አጫወቱት።

መጀመሪያ ሰማያዊ ነው። ባለ መስመር ዓሦች ያልፋሉ። የዶክተር ትንፋሽ ይጎረጎራል። ከዚያ ምስሉ ተርገበገበ፤ አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር በመስታወቱ ፊት አልፎ ወደ ታች ሰመጠ። የኔ እርሳስ ነበር። ወዲያው ምስሉ ተሽከረከረ። ዶክተር ከሥር ታዩ፣ ባዶ እጃቸው ወደ ላይ እንደተዘረጋ። እየራቁ፣ እያነሱ ሄዱ። ሰማያዊው እየነጣ መጣ። አረፋ ሞላው፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰማይ።

«መልሺው» አሉ ጋሽ ተፈራ። ሣጥኑ ለመውጣት የፈጀበትን ጊዜ በሰዓታቸው ለኩት። ሃያ ሰከንድ ገደማ ነው።

«እኔ ያንን መንገድ ለመውጣት ቢያንስ ሁለት ደቂቃ እወስዳለሁ» አሉ ዶክተር። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

ጋሽ ተፈራ ተነስተው ሣጥኑን ከዶክተር እጅ ተቀበሉና መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ጓሮ ወስደው በመዶሻ ክዳኑን ሰበሩት። ሌላ ሰው እንዳይገዛው ነው።

ለዶክተር ከረጢቱን አስመጣንላቸው። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ጠየቅሁ፦ ከአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ነው ታች የሚቆዩት? አሰቡና አብዛኛውን ጊዜያቸውን ከስምንት ሜትር ሳይወርዱ እንደሚያሳልፉ ነገሩኝ። ከዚያ በታች ቀዩ ቀለም ሁሉ ስለሚጠፋ ያለ መብራት የተቀረጸ ምስል ሰማያዊ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ለሚጠልቅ ሰው ከረጢቱ በቂ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያመጡት ካሴት ከመጀመሪያው በብዙ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጠላቂዎችም መጡ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን መጡ። ሁሉንም የማስተናግደው በአንድ መንገድ ነው። ዕቃው ውሃ ያስገባ እንደሆነ እፈትሻለሁ፤ ከዚያ ቢበላሽ የያዘውን ሰው ምን እንደሚያደርገው እፈትሻለሁ። ሁለተኛው ይበልጣል። የሠራሁት ነገር መሳሳቱን ካወቅሁ ደግሞ በዚያው ቀን እናገራለሁ።