በደረቅ ሜዳ የሰጠምኩበት ቀን

ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የማልረሳው እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ ለምትሄድ ልጅ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ስለማያውቅ ነው።

ቀበሌያችን ውጭ አገር ለሚደረግ የነፍስ አድን ዋና ውድድር ቡድን አቋቁሞ ነበር። ደንቡን ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ቡድኑ ሴት ሊኖረው ይገባል፤ ሰጣሚ የሚሆነውም ከአባላቱ አንዱ ነው፤ ሰጣሚው የዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከተናገረ ቡድኑ ይሰረዛል። እኔ ዋና አልችልም። የቡድኑ መሪ ጓድ ታደሰ ግን "ከአንቺ የተሻለ የሚሰጥም የለም" ብሎ መደበኝ።

ያን ቅዳሜ ለማጣሪያው ዳኛ መጣ። በአካባቢው ገንዳ ስላልነበረ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ሜዳ እንደ ውሃ ተቆጠረ። እኔ መሀል ሜዳው ላይ ተጋደምኩ፤ የቡድኑ ልጆች ሳሩ ላይ በደረታቸው እየተሳቡ ደረሱልኝና ጎትተው ደረቴን ይጫኑ ጀመር።

በዚህ መሀል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አዩን። አንዷ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሸክማቸውን ጥለው "ወይኔ የአልማዝን ልጅ!" እያሉ ወደ ሰፈር ሮጡ።

ብዙም ሳይቆይ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው ስሜን ሲጠራ እዚያው ተጋድሜ ሰማሁት። እማዬ ደረቷን እየደቃች ከነሰፈሩ መጣች። ብነሳ ቡድኑ ቀረ፤ ባልነሳ እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ላዬ ላይ ስትወድቅ፣ ዳኛው በማያይበት በኩል ጣቷን ጨበጥ አደረግኩ።

ለቅሶዋን አቋረጠች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "እስከ ስንት ሰዓት ነው የሞትሽው?" አለችኝ።

ጣቷን ደግሜ ጨበጥኩ። ዳኛው ጠጋ ሲል እማዬ ከበፊቱ አብልጣ ለቅሶውን አቀለጠችው። ሰውየው ፊሽካውን ረስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ጓድ ታደሰ አስታውሶት ሲነፋ ብድግ አልኩ፤ ከለቀስተኛው ግማሹ ሸሸ። ቡድኑ አለፈ።

ሰፈር ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ ንፍሮው በስሏል። የዕድሩ ሰብሳቢ ንፍሮ አይደፋም ስላሉ፣ የራሴን ንፍሮ ለራሴ ለቀስተኞች አዞርኩ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ዛሬ ግን ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።

በማግስቱ ጠዋት ለልምምድ እዚያው ሜዳ ሄጄ ተጋደምኩ። እማዬ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ባለፈ ቁጥር "ደህና ናት፣ እየሰጠመች ነው" ትላለች።