ባሮን የጋረደው ቆርቆሮ

ኦሞት ከቧንቧ ሠራተኝነት ጡረታ ሲወጣ በእጁ የቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ በባሮ ወንዝ ዳር ያለች ቦታውና ሴት ልጁ ሶስና። እናቷ ካረፈች ወዲህ የልጅቱ ልብ ወደ አዲስ አበባ መሸፈቱን ያውቃል። እንጀራዋን እዚሁ ጋምቤላ ካገኘች አትሄድም ብሎ ያለ የሌለውን አፍስሶ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሠራላት።

ሲሠራውም ለደገኛ እንግዳ ክብር እንዳይጎድል ተጨንቆ ነው። ዶሮ ወጥ የምታሳምር እታገኝ የምትባል ሴት ከመቲ ከተማ አስመጣ። ወለሉን ምንጣፍ አለበሰ። የዓሣ አጥማጆች ጫጫታና የሚዋኙ ልጆች ጩኸት እንግዳውን እንዳያውክ ደግሞ በወንዙ በኩል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቆርቆሮ አጥር አቆመ። ዓሣውንና የበቆሎ ገንፎውን እሱና ልጁ ጓዳ ተቀምጠው ይበሉታል።

«አባ፣ ምን እንደሚወዱ እስቲ እንጠይቃቸው» ትለዋለች ሶስና።

«እንግዳ ይጠየቃል እንዴ? በአባቴ ቤት ምን ላብላህ የሚባለው ያልተፈለገ ሰው ነው። ለእንግዳ ይቀርብለታል እንጂ!»

በጥር ወር ወንዳፈረው የሚባል የባንክ ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለእረፍት መጣ። ሳምንቱን እንቆያለን ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ግን ሻንጣውን አወጣ።

«ቤትዎ ግሩም ነው ጋሼ» አለ እጅ ሲነሣ። «ልክ እንደ ቤታችን ነው።»

ኦሞት ይህን ቃል እንደ ምርቃት ተቀበለው። ያን ዕለት ጽሑፍ የሚሥለውን ጀምስን ጠርቶ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ልክ እንደ ቤትዎ» አስጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሶስና ከወንዙ እየሮጠች መጣች።

«አባ፣ ሰዎቹ የትም አልሄዱም! ከዓሣ አጥማጁ ከኦቻን ዘንድ ማንጎ ሥር ተቀምጠው ዓሣ በእጃቸው እየበሉ ነው። ልጆቹ ከታንኳው አንወርድም ብለዋል። ሴትዮዋ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዶሮውንማ አዲስ አበባ ትተነው መጣን። ባሮን እናያለን ብለን ቆርቆሮ ስናይ አደርን።›»

«እንግዳ ሲያመሰግነኝ አንቺ ታዋርጂኛለሽ?»

«ይሉኝታ ይዞት እኮ ነው አባ! አጥሩን እናንሣ፤ ኦቻንም እዚህ ይጥበስ።»

«ቤቴ ያልጣመሽ እንደሆነ መንገዱን ታውቂዋለሽ!» አላት።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ፤ ግን አልመለሰውም። ያን ዓመት የመጣው ሁሉ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ሄደ። ክረምቱ አልፎ ክፍሎቹ ባዶ እንደሆኑ፣ ሶስና ቢሾፍቱ ካለ ሆቴል ሥራ አገኘች። መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። «ልጄ፣ ቅሪልኝ» ማለት ፈልጎ «በመንገድ ላይ እንዳይርብሽ» አላት። አውቶቡሱ ወደ ደጋው ወደሚያወጣው የቡሬ ዳገት አቀና።

በማግስቱ መዶሻ ይዞ ቆርቆሮውን ነቀለ። ጎረቤቱ ኳች በራሱ ግቢ አጥር ላይ ተደግፎ ሲያየው ቆየና፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይጣሉ ነበር። ኦሞት ምስማሩን መንቀሉን ቀጠለ።

ኦቻን ምድጃውን ወደ ግቢው አዞረ፤ ታንኳውንም አስጠጋ። በተከታዩ ጥር የመጣ እንግዳ አልነሣ አለ፤ ቀድሞ ሳይመዘገብ የመጣው ቦታ እያጣ ይመለሳል። ኦሞት ደስታው አላስችለው ብሎ ቢሾፍቱ ደወለ።

«ሶስና፣ ክፍሎቹ ሞልተዋል። ያልሽው ሁሉ ልክ ነበር። ነይ፤ ቤቱ እኮ ያንቺ ነው።»

«እሰይ አባ፤ እንኳን ደስ ያለህ!» አለች፤ ከልቧ ነው። «እኔ ግን እዚህ ኑሮ ጀምሬአለሁ። ባል ላገባም ነው። ለእረፍት ይዤው እመጣለሁ፤ አንድ ክፍል ያዝልን።»

«እሺ ልጄ፤ ይያዝላችኋል» አላት።

ስልኩን ዘግቶ የእንግዶቹን መዝገብ ገለጠና ‹ሶስና› ብሎ ጻፈ። ከወንዙ ዳር እንግዶቹ፣ «ጋሽ ኦሞት፣ ዓሣው ደረሰ ወይ?» እያሉ ይጣሩ ነበር።