የተደናቀፍኩበት ዐረፍተ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴል ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እህቴ የተረጎመችውን ግጥም ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በሬኔሳንስ ዘመን፣ ጣልያን አገር የጻፉ ሴቶችን ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቆምኩ፣ ስናገርም ምላሴ የሚተሳሰርብኝ ነኝ። ለንባቡ የመረጠችኝም ለዚሁ ነው። የተደናቀፍኩበትን ስንኝ ትሰርዘዋለች።

«እታለም፣ እኔ እኮ ሁሉም ላይ ነው የምደናቀፈው።»

«ውሸታም! ጥሩው ላይ ትሮጣለህ። የሚጥልህ መጥፎው ነው።»

የሥራ ባልደረቦቿ «የጣልያን ሴቶች ለእኛ ምን ይጠቅሙናል?» ይሏት ነበር። መልሷ ሁሌም አንድ ነው፤ «ፌርማታና ባኞ የሚሉትን ቃላት ከጣልያን ስንቀበል ማን ጠየቀ?»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ልቧን አመማት። ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈች።

ድንኳኑ እንደተተከለ፣ አጎታችን ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን ጻፉ። ሰጡኝና አየሁት። ስለ ሴቶቹ አንድ ቃል የለም።

«ጋሼ፣ ሥራዋስ?»

«ካህናት ፊት የፈረንጅ ሴት ታሪክ ይነበብ ትላለህ?»

«እንግዲያው እኔ ላንብበው።»

«አንተ? አንተ እስክትጨርስ ፀሐይ ትጠልቃለች!»

«ትጥለቅ።»

ለቀስተኛው እየሰማን ስለነበር እሺ አሉ። «የተጻፈውን ብቻ!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስከሬኗ አጠገብ ቆምኩ። ልደቷን አነበብኩ። ትምህርቷን አነበብኩ። ምላሴ አልተያዘም። «ትዳር ሳትይዝ፣ ልጅ ሳትወልድ ቀረች» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልወጣም። አጎቴ ኮቴን ጎተት አድርገው «እለፈው፣ እለፈው» አሉኝ በሹክሹክታ።

አላለፍኩትም። ከተማሪዎቿ አንዷን እስክሪብቶ ጠየቅኳትና ሰው ሁሉ እያየ ሰረዝኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «ይሄን ግጥም የጻፈልሽ ወንድ ነው» ስለተባሉት ስለነዚያ የጣልያን ሴቶች ተናገርኩ። እህቴም የመጀመሪያ መጽሐፏን ስታወጣ «ማን ጻፈልሽ?» ተብላ እንደነበር፣ መልሷም ሁለተኛ መጽሐፍ እንደነበር ተናገርኩ። እየቆምኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ አንድም ሳላስቀር።

ስጨርስ አጎቴን ዞር ብዬ አየኋቸው።

ፀሐይዋ ገና ወደ አናት እየወጣች ነበር።