እርም ያስባልነው ኪኒን

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀልቡ አይረጋም ነበር። ሻይ ጥዶ ጫማ ሊጠርግ ይሄዳል፤ አንዱን እግር ጠርጎ ስልክ ሊደውል ይነሣል፤ ስልኩን ሳይጨርስ ሻዩ አርሮ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ቶሮንቶ መጥተን ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አብረን መኖር ስንጀምር ጠባዩም አብሮን መጣ። የቋንቋ ትምህርቱን ጀምሮ ተወ። ፋብሪካ ሦስቴ ተቀጥሮ ሦስቴ ወጣ። እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ፣ ቁጡም ነኝ፤ በየቀኑ እጮህበት ነበር።

የረጋበት ነገር ቢኖር ሞተር ብቻ ነው። መሀል ከተማ ከቢሮ ቢሮ ሰነድ የሚያደርስ ድርጅት ቀጠረው፤ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛና ያን ሥራ ሁለት ዓመት ሳይለቅ ሠራ። አነዳዱን ያየ ሰው ግን ይሳቀቃል። በመኪኖች መሀል ይሾልካል፤ ቢጫ መብራት ሲያይ ይብስበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል፤ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ቢራ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ዓይኑ እንደቀላ ሞተሩ ላይ ይወጣል። “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ” እያልኩ እተርትበት ነበር። አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኛል። ሌላው ሰው ሲቅም ወሬው ይበዛል፤ እሱ ሲቅም ይሰክናል። የምለውን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሞተሩን ከምድር ቤት ባወጣበት ሰሞን፣ ወንድሜ ተለወጠ። በሰዓቱ ቤት ይገባል። ሻይ ሲጥድ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ቅዳሜ መቃሙን ተወ። አንድ እሁድ ደግሞ የሞተሩን መጠገኛ መጽሐፍ ይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያነብ አየሁት። ሁለት ሰዓት! ሌላ እኅት ብትሆን ተንበርክካ እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር። እኔ ፈራሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሲቁነጠነጥ የማውቀው ሰው እንዲህ ዝም ሲል፣ የሆነ ነገር ቢያፈዘው ነው እንጂ ብዬ ደመደምኩ።

ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ትንሽ የኪኒን ጠርሙስ አገኘሁ። የእሱ ስም አለበት፣ የሐኪሙም ስም አለበት። ፋርማሲ ውስጥ ለምትሠራ ያገራችን ልጅ ደውዬ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩላት።

“ውይ፣ ይሄ እኮ ተቆልፎበት የሚቀመጠው ነው። ስቲሙላንት ነው፣ የሚያነቃ ማለት ነው፤ አንዳንዶቹ ፈጭተው በአፍንጫቸው ይስቡታል። በጣም ኬርፉል ሁኚ” አለችኝ።

ሐኪም እንዳዘዘው አልጠፋኝም። ግን የዚህ አገር ሐኪም ለጤነኛም ኪኒን ይሰጣል የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ። ወንድሜን አንዲት ቃል ሳልጠይቀው ሽማግሌ ሰበሰብኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀመጡ። ትልቁ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ አዛውንት ናቸው። ከመጣን ጀምሮ እንደ አባት የምናያቸው እሳቸውን ነው። ወንድሜ ሲገባ ሽማግሌዎቹንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስም አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

“አባባ፣ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። ሐሳብህን መሰብሰብ የማያስችል ሕመም አለብህ ብሎኛል” አለ።

“ልጄ፣ እሱማ ከሆነ ሁላችንም ታመናል” አሉ አዛውንቱ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። “ለመሆኑ ይሄ ነገር ያነቃል ወይስ አያነቃም?”

“ያነቃል፣ ግን እኔን ያረጋጋ…”

“ጫትስ?”

“እሱም ያነቃል።”

“እንግዲያው የአንድ እናት ልጆች ናቸው።” አዛውንቱ ችሎት ላይ እንዳሉ ቀና ብለው ተቀመጡ። “ተነሥና ለጫቱም፣ ለመጠጡም፣ ለኪኒኑም እርም በል።”

“ሞተሩስ?” አልኩ እኔ።

“ሞተሩ እንጀራው ነው። ሰውን ከእንጀራው አንለይም።”

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል እንድናገርለት እየጠበቀ ነበር። እኔ ጠርሙሱን ወደ አዛውንቱ ገፋ አደረግኩት። ተነሥቶ ቆመና “እርም ይሁንብኝ” አለ። እኛ ቤት በሽማግሌ ፊት የተባለ እርም አይታጠፍም፤ አባታችን ለአረቄ እርም ብሎ እስኪሞት ድረስ አልቀመሰም። መረቁት፣ አሜን አለ፤ እኔም ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቃሉን ጠበቀ። ጫት አልነካም፣ ቢራ አልቀመሰም፣ ኪኒንም አልፈለገም። ነገር ግን ቁንጥንጡ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ደግሞ የሚያደርሰውን ፖስታ የተሳሳተ ቢሮ ትቶ ይመጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ፖሊስ ስቶፕ አድርጎት ቲኬት ይዞ ገባ። አንድ ቀን ዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ በሁለት ከባድ መኪኖች መሀል እንዴት ሾልኮ እንዳለፈ እየሳቀ ነገረኝ።

“ጠጥተሃል እንዴ?” ብዬ ጮህኩበት።

“እታለም፣ ምን እጠጣለሁ? ውሃ ነው የምጠጣው። ጭንቅላቴ ውስጥ አሥር ሬዲዮ ተከፍቷል፤ ዝም የሚሉት ስፈጥን ብቻ ነው።”

ሱስ ያሳብዳል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሱስ የተወ ሰው ሲያብድ ግን አይቼ አላውቅም። ፈጽሞ ግራ ገባኝ። አዛውንቱን ኮል አደረግኳቸው። “ሱሱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ታገሺ ልጄ” አሉኝ። እኔም ታገሥኩ።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታዬ ሳለሁ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ዝናብ ባረጠበው መንገድ መታጠፊያውን በፍጥነት ሲይዝ ሞተሩ ተንሸራቶ ከብረት አጥር ጋር አጋጭቶታል። ጭኑ ሁለት ቦታ፣ የጎድን አጥንቱም ተሰብሯል። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ ወረቀት ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። አልኮል ይጠጣል? አይጠጣም። ድራግ ይወስዳል? አይወስድም። በኩራት ነበር የምመልሰው።

“የታዘዘለት መድኃኒት አለ?”

“ነበረው። አስተውነዋል።”

“ለምን?” አለችና እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ።



ወንድሜ ተርፎ ማገገም ሲጀምር የሆስፒታሉ ሐኪም ኪኒኑን እንዲቀጥል አዘዘለት። “የወደቀው ኪኒኑ ስለቀረበት ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “እንዲያ ማለት አልችልም። እየዋጡም የሚወድቁ አሉ” አለኝ። አንዱን ጥፋተኛ ይለይልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይባስ አምታታኝ። ወንድሜ ደግሞ ኪኒኑን አልነካም አለ። “እርም ብያለሁ። እርም ያስባሉኝ ሰዎች ይፍቱኝ” ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሐኪሙ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ እርምን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ብሞክር እኔንም አልገባኝም።

የሆነውን ደውዬ ብነግራቸው አዛውንቱ ከስካርቦሮ በሁለት አውቶቡስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አልጋው አጠገብ ቆሙ፤ ወንበር ብሰጣቸው እንቢ አሉ።

“ልጄ፣ ቃልህን ሳልሰማ ፈረድኩብህ። በአገሬ በሌባ ላይ እንኳ ቃሉን ሳልሰማ አልፈረድኩም። ከእርሙ ፈትቼሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ።”

ወንድሜ እጃቸውን ስቦ ሳመ። ነርሷ ኪኒኑን በትንሽ የወረቀት ኩባያ አምጥታ ሰጠችው። አልዋጠውም፤ እኔን አየኝ።

“አንቺስ?”

“እኔ ምን?”

“እሳቸውን ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ። ያለ ኪኒን ስሆን ትጮሂብኛለሽ፤ ኪኒን ስወስድ ትፈሪኛለሽ። የትኛውን ወንድምሽን ነው የምትፈልጊው?”

እንባዬ መጣ። ያ ዝም ያለው ሰው አሁንም ያስፈራኛል። ኪኒኑ መድኃኒት ይሁን መርዝ በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር። አዛውንቱም፣ ነርሷም አፌን ይጠብቃሉ።

“የማይሞተውን” አልኩትና ውሃውን አቀበልኩት።