አባባ ጋቢ የሚያነጥፉበት ቦታ

ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የመኪና ጡሩምባ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ መሬት ይቀመጣል፤ ይጮኻል። የሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ሰው «ጅን ነው!» እያለ ውሃ ሊረጭበት፣ እጁን ሊይዘው ይሮጣል። አያታችን አባባ ግን ጋቢያቸውን አንጥፈው አጠገቡ ይቀመጡና ሰዉን በከዘራ ያርቁ ነበር።

«ሂዱ ወዲያ! በጦርነቱ ጊዜ ተኩስ ስንሰማ ሁላችንም ጆሯችንን ይዘን መሬት አልተኛንም? ያኔ ጅን ያዛችሁ ያለን አለ?»

ከዚያ ይጠብቁት ነበር። ሲረጋጋ ራሱ ይነሳል።

ትናንት ሰይድ እዚያው መናኸሪያ ጮኸ። በአባባ ቀብር ላይ «ደግ ሰው ነበሩ» ያለው ሁሉ ውሃ ይዞ መጣ።

ሰው ሲሞት ቦታው ባዶ ይቀራል ይላሉ። ውሸት! አባባ ጋቢ የሚያነጥፉበት ቦታ ላይ ሰው ተጋፍቶ ቆሞበታል።