በማይነጋገሩ ሰዎች መካከል ያደረስሁት መርዶ

ይህ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሹፌር ነኝና ብዙ አደጋ አይቻለሁ። ይኼኛውን ግን ለሚስቴ እንኳ በሙሉ አልነገርኋትም።

አዊ ውስጥ ያለችው የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ነኝ። ያኔ አዲስ አበባ፣ በአንድ የውጭ አገር ኤምባሲ የአምባሳደሩ ሹፌር ነበርሁ። አገራቸውን አልጠራም። ከጎረቤታቸው ጋር ተዋግተው ግንኙነት ካቋረጡ ቆይተዋል። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ አላቸው፤ ግብዣ ላይ ቢገናኙ ግን ሰላም አይባባሉም። እኔም ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተነገረኝ፣ "ከእነርሱ መኪና አጠገብ እንዳታቆም" የሚል ነበር።

የዚያን ቀን አምባሳደሩን ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር ይዣቸው እሄዳለሁ። ጥሊሊን እንዳለፍን ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ቀስ እያልሁ ስነዳ ገበሬዎች ከፊቴ ወጥተው እጃቸውን አወናጨፉ። አንድ ነጭ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ተገልብጧል። ታርጋውን ሳይ ደነገጥሁ። ሲዲ የሚል የዲፕሎማት ታርጋ ነው፤ ቁጥሩም የእነዚያ ሰዎች ነው።

አምባሳደሩም አይተውታል።

"ሂድ" አሉኝ።

አንድ ሽማግሌ መስኮቱን በመዳፋቸው እየመቱ በአዊኛ፣ "ነፍሱ አልወጣችም! የት ልትሄድ ነው?" ብለው ጮኹብኝ። ያሉትን ለአምባሳደሩ ተረጎምሁላቸው። እኔም አልነዳሁም። ራሳቸው በሩን ከፍተው ወረዱ።

ሰውየው ብቻውን ነበር የሚነዳው። ጎልማሳ ነው። ገበሬዎቹ በጋቢ ተሸክመው አወጡት፤ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነውና አምባሳደሩ ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። የሁለቱ አገር ሰዎች ቋንቋቸው አንድ ነው። ሰውየው በስንት ጣር ሲያወራ፣ እርሳቸውም ጎንበስ ብለው ሲመልሱለት በመስታወቱ አያለሁ። ማን እንደሆኑ ይወቅ አይወቅ እንጃ። እጃቸውን ግን አልለቀቀም።

እንጅባራ ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እጁ ላላ። ሐኪሞቹ ተሯሯጡ፤ የሚቻላቸውን ሁሉ ሞከሩ። በኋላ አንዷ ወጥታ፣ "ብዙ ደም ፈሶታል፤ አልሆነም" አለችን።

አምባሳደሩ ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝ። ሸሚዛቸው ደም በደም ሆኗል።

"የመጨረሻ ቃሉን ነግሮኛል" አሉኝ። "እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ሞቱን ከሬዲዮ እንዳትሰማ፤ እህቱ ቀድማ ትሂድና መርዶውን ታርዳት ብሏል።"

"ታዲያ ለኤምባሲያቸው ይደውሉላቸዋ!"

"አልችልም። እኔ ከእነርሱ ጋር አንድ ቃል ብነጋገር አገር ቤት ያለ ቤተሰቤ ሁሉ ይጠየቃል። አንተ ንገራቸው። ከማን እንደሰማህ ግን እንዳትናገር።"

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ስለዚህ እምቢ ማለት አልቻልሁም።

ለስብሰባው ቀድሞ የሄደ የሟቹ ባልደረባ ከሆስፒታሉ ተደውሎለት ከባሕር ዳር መጣ። አምባሳደሩ መኪና ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ቀርቤ በእንግሊዝኛ መልእክቱን ነገርሁት።

"ይህን ማን ሰማ?" አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

"አጠገቡ የነበረ ሰው።"

"የትኛው ሰው?"

አልነገርሁትም። ዞር ብሎ ግቢውን ሲቃኝ የእኛን መኪና አየ። ታርጋውን እያየ ቆመ። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ሲሞት ብቻውን ነበር?" አለኝ።

"አይደለም። እጁን ይዘውት ነበር።"

ስልኩን አውጥቶ እየደወለ ራቀ።

መኪናው ውስጥ ስገባ አምባሳደሩ፣ "ምን አለ?" አሉኝ።

"ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"

ጉዟችንን ወደ ባሕር ዳር ቀጠልን። ዳንግላ ላይ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውብን ስንቆም፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ አየኋቸው።

ለካ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሟቹን ከመኪናው ስናወርድ አንድ ሰው ፎቶ አንስቷቸው ኖሯል። ፎቶው ከስልክ ስልክ ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ኤርፖርት የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው "በርታ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። ታስረዋል የሚል ሰማሁ፤ ሞተዋል የሚልም አለ።

ከወራት በኋላ አንድ ሆቴል በር ላይ አዲሱን አምባሳደር ስጠብቅ ያ ባልደረባ በአጠገቤ አለፈ። አልቆመም፤ ፊቱንም ወደ እኔ አላዞረም። ሲያልፍ ብቻ፣ "እህቱ ቀድማ ደርሳለች" አለኝ።

ይህን መስማት የሚገባቸው የቀድሞው አምባሳደር ነበሩ። የት እንዳሉ አላውቅም። አማርኛም ስለማያነቡ ይህ ጽሑፍ አይደርሳቸውም። ቢሆንም ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ።